በመነጽር ቤቱ ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ጠርሙስ

«እማዬ፣ አሁን የዚህ ጠርሙስ ስሙ ማነው?»

ልጄ ሃና ይህን የጠየቀችኝ ስድስት ዓመት ሳይሞላት ነው፤ ላምባ በዘይት ጠርሙስ ስገለብጥ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ስታየኝ ከቆየች በኋላ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት በደንብ አላስታውስም። «ዞር በይ፣ ልብስሽ ላይ ይፈሳል» ያልኳት ይመስለኛል። እኛ እናቶች ጥያቄ ሲከብደን መልሳችን ብዙ ጊዜ «ዞር በይ» ነው።

እስቲ እናንተም ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። እኛ ዘንድ ጠርሙስ ጡረታ አይወጣም። ውሃ ይዞ ከሱቅ ይመጣል፤ ውሃው በተጠጣ ማግስት ዘይት ይሞላበታል፤ ዘይቱ ሲያልቅ ላምባ፤ ላምባው ሲያልቅ በአመድና በሙቅ ውሃ ተፈትጎ ማር ይዞ ለዘመድ ይላካል። ዘመድ ማሩን ይጨርስና በረኪና ያስቀምጥበታል። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ የእኔ ቤት ጠርሙስ ያህል ሥራ የቀያየረ የለም። ውስጡ ምን እንዳለ የምናውቀው ደግሞ ተጽፎበት አይደለም፣ በልማድ ነው። በር ሥር የቆመው ላምባ ነው፣ ባልዲው አጠገብ ያለው በረኪና ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው የሚጠጣ ነው። ሁሉም ቦታውን እስካልለቀቀ ድረስ ቤቱ ሰላም ነው። ቦታውን የለቀቀ ቀን ግን እግዚአብሔር ይጠብቀን።

ይህን የምላችሁ የተማርኩ ሆኜ አይደለም። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ እሱንም አቦቦ ወረዳ፣ መንገዱ በክረምት ጭቃ ሲሆን መምህሩ በሚቀርበት ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። የምላችሁ አንዱን ጠርሙስ በገዛ እጄ ያለ ቦታው ስላስቀመጥኩ ነው።

ጋምቤላ ከተማ፣ አንድ ትንሽ መነጽር ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ጠዋት ከፍቼ እጠርጋለሁ፣ ሰው በተራ አስቀምጣለሁ፣ ፍሬሞቹን እወለውላለሁ። ዓይን የሚለካውና ሌንስ የሚቆርጠው ኦባንግ ነው። ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ ከተማው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ «ዶክተር አይደለሁም» እያለ ሲያስረዳ ሦስት ዓመት ደክሞ አሁን ዝም ብሎ ይሰማል። ልጅ እግር ነው፣ ጭምት ነው፣ እኔን «እትዬ ጽጌ» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ውስጠኛው ክፍል ሌንስ ከሚሞርደው ማሽን ጋር ነው የሚውለው፤ ማሽኑ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ያወራል።

መነጽር ቤት ስትሉ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነገር ይመስላችኋል። ነውም። ግን ውስጡ ብዙ ኃይለኛ ነገር አለ። ሌንስ የሚጠረግበት አልኮል አለ፣ ወለል የማጥብበት በረኪና አለ፣ ሌንስ ላይ የተሰመረውን ቀለምና የተጣበቀውን ሙጫ የሚያለቅቅ አሴቶን አለ፤ ያው ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ማለት ነው፣ ይሄኛው ግን በትልቅ ጣሳ የሚመጣ ነው። ሁሉም እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ክፉ ነገር ጥቁር ቢሆን ኖሮ ኑሮ እንዴት በቀለለ!

ፍሪጅም አለን። የዓይን ጠብታ ይቀመጥበታል ተብሎ የተገዛ ነው። ነገር ግን መጋቢት ላይ ጋምቤላን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በዚያ ሙቀት መብራት ያለበት ፍሪጅ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አይቆይም። የሰፈሩ ውሃ ሁሉ እኛ ጋ ነበር። ልብስ ሰፊው ይመጣል፣ ከፍቶ ይጠጣል። አጠገባችን ሱቅ ያለው ሙሐመድ ይመጣል፣ ከፍቶ ይጠጣል። ማንም አይጠይቅም። ቢጠይቁ ኖሮ እኔም ቅር ይለኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ማማ ኛቾል ትመጣ ነበር።

ማማ ኛቾል በራችን ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ማንጎ ትሸጣለች። ረጅም ናት፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ሳትበልጥ አትቀርም፣ ልጆቿ ግማሾቹ ድንበሩ አጠገብ ማታር ከተማ፣ ግማሾቹ ከድንበሩ ማዶ ደቡብ ሱዳን ናቸው። አማርኛዋ አጭር ነው። የእኔ ኑዌርኛ ደግሞ «ማሌ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ እዚያው ያልቃል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሳፋዋን በጨርቅ ሸፍና ትገባለች፣ ፍሪጁን ትከፍታለች፣ ትጠጣለች፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። እኔ ምሳዬን እፈታለሁ። «ብቻሽን ትበያለሽ፣ እንደ ሌባ!» ትለኛለች፣ እጇን ትሰዳለች፣ አብረን እንበላለን። ብዙም አናወራም።

ይህ ለእናንተ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ባለቤቴ ካረፈ ቆየ። ሃና ጅማ ነርስነት ትማራለች። ቤቴ ሁለት ወንበር አለ፣ አንዱ ላይ የታጠበ ልብስ ነው የምከምረው። አሁንም ድረስ ሩዝ ስሰፍር እጄ ለሁለት ነው የሚሰፍረው። እሑድ ቸርች እሄዳለሁ፣ እዘምራለሁ፣ ሰላም ተባብለን እንበተናለን፤ ከዚያ እስከ ሰኞ ጠዋት ድምፄን የምሰማው ስጸልይ ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ ስድስት ሰዓት ለእኔ ቀላል አልነበረችም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልመለስ።

የአሴቶኑ ጣሳ በሙቀቱ ማበጥ ጀመረ። ክዳኑን ስትከፍቱት እንደ ተናደደ ድመት «ሽሽሽ» ይላል፤ ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ይጎድላል። ኦባንግ አየውና፣ «እትዬ ጽጌ፣ ይሄ ነገር ሙቀት አይወድም፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» አለኝ። ጋምቤላ ውስጥ በመጋቢት ቀዝቃዛ ቦታ ማለት ፍሪጅ ነው። ሌላ የምታውቁት ካለ ንገሩኝ። ጣሳው ፍሪጁ ውስጥ አልገባ ሲለኝ ምን አደረግሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግሁትን ነው። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ፈልጌ ገለበጥኩትና የፍሪጁ በር ላይ፣ ከዓይን ጠብታው ጎን አቆምኩት። በልቤም «ሙያ» ብያለሁ።

አሴቶን ፕላስቲክ እንደሚበላ አላውቅም ነበር። በሁለት ቀን ጠርሙሱ ጭጋግ እንደለበሰ መስተዋት ነጣ። ላየው ሰው ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የቀዘቀዘው እሱ ይመስላል።

ማክሰኞ ቀን ነበር። ሁለት አስተማሪዎችና ሕፃን የታቀፈች እናት ተራ ይጠብቃሉ። ማማ ኛቾል ገባች፣ ፍሪጁን ከፈተች፣ ያንን የነጣውን ጠርሙስ አነሳች። እኔ መታጠቢያው ጋ ነበርኩ። ክዳኑን ስታዞር ዞር ብዬ አየኋት። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ «አትንኪ!» ብዬ ጮኼ እጇን መታሁት። ጠርሙሱ ወደቀ፣ ግማሹ ወለሉ ላይ፣ ግማሹ አንዱ አስተማሪ ወንበር ላይ ያስቀመጠው የፀሐይ መነጽር ላይ ፈሰሰ፤ መነጽሩም ዓይናችን እያየ እንደ ሙጫ ተልመጠመጠ። ክፍሉን ሽታው ሞላው። እኔ እንደ ልማዴ ወደ በረኪናው ሮጥኩ፤ ምን ፈሶ በበረኪና ያልጠረግሁት አለ? ኦባንግ ከውስጥ ወጥቶ «በረኪና እንዳታፈሺበት! ሁለቱ አይገናኙም! በሩን ክፈቱ፣ ውጡ፣ እሳት የያዘ ሰው እንዳይጠጋ!» አለ። ጭምቱ ልጅ እንዲህ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።

ሁላችንም ኒሙ ሥር ወጣን። መነጽሩ የቀለጠበት አስተማሪ፣ «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እውነቱን ብናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «መርዝ በውሃ ጠርሙስ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ። ግን ሰው ያየኛል፣ ኦባንግ ይሰማኛል፣ ነገ «የመነጽር ቤቱ ፍሪጅ መርዝ አለበት» ይባላል። አፌ ቀደመኝ።

«መድኃኒት ነው» አልኩ። «ሳትጠይቅ አንስታ ነው።»

ማማ ኛቾል አየችኝ። «ሳትጠይቅ?» አለች። ሳፋዋን ተሸክማ ሄደች።

ያን ዕለት ከሰዓት ጣሳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስቼ ለሃና ላክሁላት። እንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም የጉንዳን ያህል ነው።

«እማዬ፣ ፍሪጅ ውስጥ? እውነትሽን ነው?»

«ቀዝቃዛ ቦታ ተብሎ ነው...»

«ቀዝቃዛ ማለት እኮ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ማለት ነው! እንፋሎቱ ፍሪጅ ውስጥ ታፍኖ የፍሪጁ ብልጭታ ቢያገኘው ቤቱን ይዞት ይሄድ ነበር። ደግሞ ከራሱ ጣሳ ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥም ይላል። እማዬ፣ የጠጣው ሰው አለ?»

«የለም።»

ስለ ጠርሙሱ ነገርኳት። ስለ ማማ ኛቾል አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ በመነጽር ቤቱ ሥርዓት ገባ፤ እኔ ራሴ አስገባሁት። አሴቶኑ በራሱ ጣሳ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ ከማሽኑም ከፀሐይም ርቆ ጥላ ባለው የብረት ቁምሳጥን ታችኛው መደብ ላይ ተቀመጠ። በረኪናው ለብቻው ማዶ ሄደ። ሲከፈት መስኮት ይከፈታል፣ ጓንት ይጠለቃል፣ የተጠረገበት ጨርቅ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጣላል። የሚመጣው ሰው ሁሉ አማርኛ ስለማያነብ በእጄ የራስ ቅል ሥዬ ለጠፍኩ። ልብስ ሰፊው አየውና፣ «እትዬ ጽጌ፣ ይሄ ኦባንግ ነው?» አለኝ። ፍሪጁ ላይም ትንሽ ቁልፍ አንጠለጠልኩ፤ ከእንግዲህ ውስጡ ጠብታ ብቻ ነው።

ሁሉም ትክክል ነበር። ሃና ብታየው በደስታ ታለቅስ ነበር። አንድ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። በዚህ ሙቀት ፍሪጅ የሚቆልፍ ሰው ምሳውን ብቻውን ይበላል። ልብስ ሰፊው በበር በኩል ሲያልፍ «ውሃው ፓስፖርት ይጠይቃል አሉ!» ይላል፣ ይስቃል፣ አይገባም። በር ላይ እንስራ አስቀምጬ ጣሳ ደፋሁበት፤ አንዳንዱ ይጠጣል፣ ቆሞ ጠጥቶ ይሄዳል። ጥንቃቄ ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላውም። ብቻ ጸጥ ያለ ነው።

ማማ ኛቾል ከኒሙ ሥር ጠፋች። ወደ ድልድዩ ሄዳ መሸጥ ጀመረች አሉኝ። ውሃውን ስለከለከልኳት የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር። ይበርድላታል ብዬ ጠበቅሁ፤ መጠበቅ የምችለው ነገር ነው። ስጸልይም «ጌታ ሆይ፣ ልቧን አብርድላት» እል ነበር። ለእሷ ልብ ነበር የምጸልየው፤ ይታያችኋል?

የገባኝ ሙሐመድ ሱቁን ሲቆልፍ ያየሁ ቀን ነው። ሙሐመድ ለቀትር ሶላት ሲሄድ ሱቁን ዘግቶ አያውቅም ነበር። «ማማ፣ አደራ» ብሎ ይሄዳል፤ እሷ ከኒሙ ሥር ሆና ታያለታለች። ማማ ኛቾል ድልድይ ከሄደችም በኋላ ማንጎ ልትሸጥ በዚያ ስታልፍ ካገኛት «አደራ» ይላት ነበር። ያን ቀን እሷ በራፉ ላይ ቆማ ሳለ ቁልፉን ጠቅ አድርጎ ሄደ። እሷ ሳፋዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች፤ ወደ እኔ በር አላየችም።

ሲመለስ ጠየቅሁት። «ሙሐመድ፣ ዛሬ ምነው ቆለፍክ?»

አፈረ። «ምን ላድርግ እትዬ ጽጌ፣ የሰው ዕቃ ሳትጠይቅ ታነሳለች ሲባል ሰማሁ።»

«ማነው ያለው?»

«አንቺ ነሽ ያልሽው ይባላል።»

ወደ ውስጥ ገባሁና የተወለወለውን ፍሬም ሁሉ ደግሜ ወለወልኩ። ዓመታት ሙሉ የሰው ሱቅ ስትጠብቅ አንድ ክብሪት ያልነካች ሴት በእኔ ሦስት ቃል ሌባ ሆናለች። መርዙን ከውሃው ለይቼ ቆልፌ፣ ከአፌ የወጣውን ክፍቱን ትቼዋለሁ። እሱ ላይ የራስ ቅል የሣለበት የለም።

እሑድ ከቸርች ስወጣ በቀጥታ ወደ ድልድዩ ሄድኩ። ማማ ኛቾል የባሮን ወንዝ ጀርባዋ አድርጋ ተቀምጣለች። «ማሌ» አልኳት። መለሰችልኝ፣ ግን እንድቀመጥ ቦታ አልለቀቀችም። ቆሜ ነገርኳት። መርዝ እንደነበረ፣ እኔ እንዳስቀመጥኩት፣ ደንግጬ እንደሆነ፣ እጇን የመታሁት እንዳትሞት ብዬ እንደሆነ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሸተተኝ። አፍንጫ አለኝ እኮ። ልመልሰው ነበር፣ አንቺ መታሽኝ።» ማንጎዎቹን አንድ በአንድ ገለባበጠች። «መምታት ምንም አይደለም። እህት ትመታለች። ‹ሳትጠይቅ› አልሽ። በሰው ፊት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ማማ።»

«እዚህ አትንገሪኝ። እዚያ ነው ያልሽው፤ እዚያ ንገሪ።»

«የዚያን ቀን ሰዎች እኮ ሄደዋል።»

«ሰዎች ሄዱ። ወሬ አልሄደም።» ከዚያ አንድ ማንጎ አንስታ ለአላፊ ሴት አሳየች፤ ንግግራችን አለቀ ማለት ነው። ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ከኋላዬ፣ «ነገ እመጣለሁ። ሲሰሙ አያለሁ» አለችኝ።

ያን ዕለት ሩዝ አልሰፈርኩም። እንጀራ ፍለጋ ወደዚህ ከተማ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ ኦባንግ «ስማችንን አጠፋሽው፣ በቃሽ» ቢለኝ ወዴት እንደምሄድ አሰብኩ። የሃና ትምህርት ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ጸለይኩ። እንደ ወትሮው የሰው ልብ ይብረድ ብዬ ሳይሆን የእኔ ጉልበት አይክዳኝ ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት ቀድሜ ደርሼ ከፈትኩ። ኦባንግ ሲገባ፣ «ዛሬ ስለዚያ ጠርሙስ በሰው ፊት የምናገረው አለኝ» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ደንበኛ ይሰማል፣ እትዬ ጽጌ።» «እንዲሰማ ነው» አልኩ። እሱ ወደ ውስጥ ገባና ማሽኑን አስነሳ።

ሰኞ ሰኞ ከትየርኪዲ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ካምፕ ሰው በመኪና ይመጣል፤ አሥራ አንድ ሰዎች አግዳሚው ላይ ሞልተዋል። ሙሐመድን በእጄ ጎትቼ አመጣሁት። ማማ ኛቾል መጣች፤ ሳፋዋን ከራሷ ሳታወርድ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። እኔ መሃል ላይ ቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ይህች ሴት ሌባ አይደለችም፤ ይህ ፍሪጅ የእሷም ነበር፣ መጠየቅ አይጠበቅባትም ነበር፤ መርዙን በውሃ ጠርሙስ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ አፍሬም በእሷ ላይ ያሳበብኩት እኔ ነኝ። ስናገር ውስጥ ያለው ማሽን ዝም አለ። ሙሐመድ መሬት መሬቱን ያያል።

ጨረስኩ። አሥራ አንዱ ሰዎች በትሕትና ያዩኛል። አንድ ሽማግሌ ጎኑ ያለውን ሰው በኑዌርኛ ጠየቀው፣ ያም ትከሻውን ነቀነቀ። ለካ አንዳቸውም አማርኛ አይሰሙም። ምናልባት የመነጽር ዋጋ ጨመረ ያልኩ መስሏቸዋል።

ከዚያ ማማ ኛቾል ሳፋዋን አውርዳ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ መተርጎም ጀመረች። የእኔ ንግግር ቢበዛ ስድስት ዓረፍተ ነገር ነበር። የእሷ አላልቅ አለ። በእጇ ጠርሙስ ከፈተች፣ በእጇ እጇን መታች፣ እንደኔ ዓይኗን አፍጥጣ ጮኸች። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፣ አንዷ ሴት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች፣ ሁሉም ተራ በተራ ወደ እኔ አዩ። ምን እንደጨመረችበት እግዚአብሔር ያውቃል። ማሽኑ እንደገና ተነሳ። እኔ «በቃ» አላልኳትም፣ ወደ ሥራዬም አልሄድኩም፤ እጄን አጣምሬ፣ እሷ እስክትጨርስ ድረስ መሃል ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።